የመበለቷ ሚሊዮኖች

ሀብታም ሆኛለሁ! ባለፈው ማክሰኞ ጧት ቡናዬን ፉት ብዬ ሳልጨርስ 10 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ደረሰኝ። ረቡዕ ዕለት ትኬቱን ቆርጬ የማላውቀው የአውሮፓ ሎተሪ ወጣልኝ። ሐሙስ ደግሞ ስሙን ሰምቼ የማላውቀው ድርጅት የወንድ መላጣ የሚያስቀር ቅባት በግማሽ ዋጋ ልላክልሽ ብሎ ተማጸነኝ። እኔ ሴት ልጅ ነኝ… ፀጉሬም በእናቴ ወጥቶ እስከ ወገቤ ነው!

ሚሊዮኑን የምትሰጠኝ አንዲት መበለት ናት። ባሏ ጄኔራል ነበር፤ ሞተ። ልጅ የላትም። እሷም በካንሰር ተይዛ አልጋ ላይ ናት፤ ሐኪሞቹም የቀራት ሦስት ወር ነው ብለዋታል። ያንን ሁሉ ገንዘብ ለነዳያን የሚያውልላት «እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው» በዓለም ዙሪያ ስትፈልግ ስትፈልግ በመጨረሻ እኔን አገኘች። ታዲያላችሁ ይህቺ ሴትዮ ሦስት ወር ነው የቀረኝ ብላ መጀመሪያ የጻፈችልኝ ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ዛሬም እየጻፈች ነው። ዕድሜ ይስጣት እንጂ ሌላ ምን እላለሁ!

ሳቁ፣ ሳቁ… እኔም እስቃለሁ። ግን ያልሳቅሁበት ጊዜ ነበረ። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ስለዚያ ጊዜ ላወጋችሁ ነው።

12ኛ ክፍልን የጨረስኩት በ2008 ዓ.ም. ነው። ፈተናው ተሰርቆ ወጥቶ፣ ተሰርዞ፣ ክረምት ከገባ በኋላ እንደገና የተፈተንነው ልጆች ታስታውሱን እንደሆነ እኛ ነን። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም። እናቴን «ፈተናው ተደጋግሞብን ነው» እያልኩ አጽናናኋት እንጂ፣ በመካከላችን ይቅርና፣ አንዴም ብፈተን ያው ነበር። በ2009 መስከረም አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀጠርኩ። ስድስት ኮምፒዩተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ ግድግዳ ላይ የተወጠረ አንድ ነጭ አንሶላ። አንሶላው ለዲቪ ፎቶ ነው።

ያኔ የዲቪ ሰሞን ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥቅምት ሲገባ ሰልፉ ከበራችን ተነስቶ ጁስ ቤቱ ድረስ ይደርስ ነበር። ፎርሙ ስም ይጠይቃል፣ የትውልድ ቀን ይጠይቃል፣ ከዚያ ኢሜይል ይጠይቃል። «ኢሜይልዎ?» ስላቸው ግማሹ «የምን ኢሜይል?» ይለኛል፤ ግማሹ የስልክ ቁጥሩን ይነግረኛል። ወረፋው ይጮሃል፣ መብራት ይጠፋል፣ የቤቱ ባለቤት «ቶሎ ቶሎ በይ እንጂ!» ይላል። ምን ላድርግ? የራሴን አድራሻ ሞላሁላቸው። ለአንዱ፣ ለሁለቱ፣ ለሃምሳው… ከመቶ በላይ ሰው በእኔ ኢሜይል ነው የተመዘገበው። ይባስ ብዬ አድራሻዬን በወፍራም እስክሪብቶ ጽፌ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት። ኢሜይል ያላት ሴት መባል ያኔ ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ።

ማታ ማታ ደንበኛ ሲቀንስ ደግሞ ኮምፒዩተሩ የእኔ ነው። «ነፃ» የሚል ቃል ካየሁ ሳልነካው አላልፍም። ነፃ የትምህርት ዕድል… ኢሜይልሽን አስገቢ። የፍቅር ጓደኛሽ ስም በማን ፊደል ይጀምራል… ኢሜይልሽን አስገቢ። እርስዎ የዛሬው 1,000,000ኛ ጎብኚ ነዎት… አስገቢ! አስገባሁ። (ፊደሉ «መ» ነው ተባልኩ። እስካሁን ድረስ «መ»ን እየጠበቅኩ ነው።) ሁለት ወር ሳይሞላ ጎርፉ መጣ። ኪኒን፣ ሰዓት፣ ብድር፣ የሩሲያ ኮረዳ፣ መበለቲቱ… ምኑ ቅጡ።

ይህ የእኔ ጣጣ ነው፤ ችዬዋለሁ። የማልችለው የጋሼን ነው።

ጋሼ የምላቸው የግቢያችን ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር። አባቴ ከሞተ በኋላ ደብተር የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የምትበልጥ። «ልጄ፣ ለእህትሽ ይህን ዲቪ የሚሉትን ሙይላት» አሉኝ። የሰፈሬ ሰው ስለሆኑ አክብሬ ሠራሁ። እንደ ሌላው በእኔ አድራሻ አልሞላሁላትም፤ ለራሷ አዲስ ኢሜይል ከፈትኩላት፣ የማረጋገጫ ቁጥሩን በወረቀት አትሜ ሰጠኋቸው። ጋሼም ወረቀቱን አጥፈው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀመጡት።

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። ግን ሥራዬን አሳምሬ ልጨርስ ብዬ፣ በዚያው ሳምንት ማታ ስጎረጉር አንድ ንስር ያለበት፣ ባንዲራ የሚውለበለብበት ገጽ አገኘሁ። «የዲቪ ውጤት ሲወጣ በነፃ እናሳውቃለን» ይላል። የልጅቷን ሙሉ ስም፣ አገሯን፣ ኢሜይሏን አስገባሁ። ለጋሼም በኩራት ነገርኳቸው። «ተባረኪ» አሉኝ።

ታኅሣሥ ላይ መልዕክቱ መጣ።

በአዲሱ ኢሜይሏ ነው የመጣው፤ ፓስዎርዱ እኔ ዘንድ ስለነበረ እኔው ነኝ ያየሁት። ላኪው «የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት» ይላል። ንስሩ አለ። ሙሉ ስሟ፣ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ፣ አለ። እንኳን ደስ ያለሽ ተመርጠሻል ይላል። ልቤ ሊወጣ ደረሰ! ኢንተርኔት ቤቱን ለባልደረባዬ ጥዬ በታክሲ በረርኩ። ጋሼ ከቤት ቀሚሳቸው… ይቅርታ፣ ከጋቢያቸው ሳይወጡ ነበር ያገኘኋቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ጋሼ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ 200 ብር እጄ ላይ አስቀመጡ፤ የምሥራች መሆኑ ነው። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና «እስቲ አሁን ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ፤ አንድ ቃል እንዳትዘይብኝ፣ አንድ ቃል እንዳታስቀሪ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። ቪዛው እንዲያልቅ 880 ዶላር በአስር ቀን ውስጥ ለንደን ላለ አንድ ሰው በሐዋላ ይላክ ይላል።

ልብ በሉ እንግዲህ። የአሜሪካ መንግሥት ገንዘቡን ለንደን ላይ፣ በአንድ ግለሰብ ስም፣ በሐዋላ ይቀበላል ወይ? ብሎ የጠየቀ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። የዚያ ዓመት ዲቪ ውጤት መታየት የሚጀምረው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው፤ ይህ በታኅሣሥ እንዴት መጣ? ያንንም አልጠየቅንም። ላኪው ስም ላይ ጣቴን ባሳርፍ ከሥሩ ያለውን እውነተኛ አድራሻ አየው ነበር። ማንም ሰው በአምስት ደቂቃ የሚከፍተው የነፃ ኢሜይል ነበር። የአሜሪካ መንግሥት አድራሻ መጨረሻው «ዶት ጎቭ» ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያች ዕለት የማውቀው እንግሊዝኛ ማንበብ ብቻ ነበር፤ ለግቢው ሰው ደግሞ እንግሊዝኛ የምታነብ ልጅ ከተናገረች አለቀ።

880 ዶላር በጊዜው ምንዛሪ 20 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ጋሼ ይህ ገንዘብ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም ከዚህ ዶላር መላክ አይችሉም። ግን ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ታናሽ እህት አለቻቸው። ደሞዟ በወር 175 ዶላር ነው። ደወሉላት። ከስልኩ ማዶ ስታለቅስ ሰማናት… በደስታ። የአምስት ወር ደሞዟን ላከች።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። ለሕክምና ምርመራ ሌላ 1,250 ዶላር። ያን ጊዜ ነው ሆዴን ባር ባር ያለው። አራት ኪሎ ከእኛ በላይ ባለ ሌላ ኢንተርኔት ቤት የሚሠራ አንድ ልጅ ነበር፤ አሳየሁት። ሳያነበው ሳቀ። «ይሄማ ለእኔ በሳምንት አምስት ይመጣልኛል» አለኝ። መንግሥት የዲቪ ዕድለኛ መሆንህን በኢሜይል አያበስርም፤ ሰውየው ራሱ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ ገብቶ ነው የሚያየው። ክፍያም የሚከፈለው በቀጠሮው ቀን በአካል ኤምባሲው ገንዘብ ተቀባይ ዘንድ ነው አለኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ለጋሼ እንዴት እንደነገርኳቸው አልጽፈውም። 200 ብሩን መለስኩላቸው፤ አልቀበልም አሉ። በማግስቱ ለእናቴ ሰጠኋት፤ እሷም ምን እንደሆነ ሳትጠይቀኝ ለጋሼ ባለቤት ዘይት ገዝታ ወሰደችበት። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጋሼ ወረቀቱን ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው አውጥተው ምንም ሳይናገሩ ሰጡኝ። ገባሁ፣ ቁጥሩን አስገባሁ። አልተመረጠችም ይላል። እሷን አንድም ቃል ሳልጨምር፣ አንድም ቃል ሳልቀንስ አነበብኩላቸው።

ቤይሩት የነበረችው እትዬ በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ነገር ሲበላሽ ባዶ እጇን ተመልሳ መጣች። እኛ ግቢ ነው ያለችው። በየቀኑ እንተያያለን። ስለዚያ ብር አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እንደዚያ ዝም ከምትለኝ ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ይህ ነገር ከየት መጣ ብዬ የማነበው። ሰው የተነደፈበትን እባብ ስም ማወቅ ይፈልጋል አይደል?

መጀመሪያ ይህ ዓይነቱ ያልተጠየቀ መልዕክት የተላከው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። አንድ የአሜሪካ ኮምፒዩተር ኩባንያ የሽያጭ ሰው ለ400 ያህል ሰዎች በአንድ ጊዜ «አዲስ ማሽን አለን፣ መጥታችሁ እዩ» ብሎ ላከ። ተቀባዮቹ በቁጣ ጦፉ፤ ከማሽኑ ግን ተሸጠ። «ስፓም» የሚለው ስም የአሜሪካ የቆርቆሮ ሥጋ ስም ነው። በ1970 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ላይ በወጣ አንድ ቀልድ ውስጥ፣ ምግብ ቤት ገብተው የሚያዙት ከሞላ ጎደል ሁሉ ያ ሥጋ ያለበት ነው። በጾም ምግብ ቤት ገብታችሁ «ምን አለ?» ስትሉ ሽሮ፣ ሽሮ ፈሰስ፣ ቦዘና የሌለው ሽሮ እንደሚሏችሁ መሆኑ ነው። በአማርኛ «አይፈለጌ መልዕክት» ተብሏል፤ ጥሩ ስም ነው፣ ያወጣው ሰው ይባረክ።

እኔን ክው ያደረገኝ ግን ሌላው ነው። በኢንተርኔት ዓለም ሁሉን ያስቆጣው የመጀመሪያው ትልቅ አይፈለጌ ማስታወቂያ ስለ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ስለ ዲቪ! እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1994 የአሪዞና ባልና ሚስት ጠበቆች በሺህ በሚቆጠሩ የውይይት መድረኮች ላይ «የግሪን ካርድ ሎተሪ» የሚል ማስታወቂያ በተኑ። ሰው በራሱ በነፃ ሊልከው የሚችለውን ማመልከቻ እኛ በገንዘብ እንሙላላችሁ ነው ነገሩ። አጃኢብ አይደል? እኔ ከመወለዴ በፊት፣ ጋሼ ገና አሰብ መንገድ ላይ መኪና ሲነዱ፣ ይህች ወጥመድ በዲቪ ስም ተሠርታ ነበር።

ደግሞ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ማን ያምናል የሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች አይፈለጌ መልዕክት የሚልክ የተጠለፉ ኮምፒዩተሮች መረብ ውስጥ ሰርገው ገብተው ቆጠሩት። ወደ 350 ሚሊዮን የመድኃኒት ማስታወቂያ ተልኮ በ26 ቀን ውስጥ ሊገዛ የሞከረው 28 ሰው ብቻ ነው። ሃያ ስምንት! ግን መላኩ ከሞላ ጎደል ነፃ ስለሆነ 28ቱም ይበቃሉ። የማይክሮሶፍት አንድ ተመራማሪ ደግሞ በ2012 የመበለቷን ዓይነት ደብዳቤ ነገር አስልቶ አሳየ። ደብዳቤው የማይመስል የሆነው ጸሐፊው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ጠርጣራው ከመጀመሪያው ስቆ እንዲሄድና የሚያምነው ብቻ ተጣርቶ እንዲቀር ነው። ይህን ሳነብ ቀዘቀዝኩ። ወንፊት ነው ማለት ነው። እኔና ጋሼ ወንፊቱ ላይ የቀረን ነን።

በነገራችን ላይ የማይክሮሶፍቱ መሥራች ባለጸጋ በ2004 ዳቮስ ላይ ቆሞ «በሁለት ዓመት ውስጥ ስፓም ይጠፋል» ብሎ ነበር። መበለቲቱ ብትሰማው በሳቅ ትሞት ነበር፤ ያውም ሦስት ወር ሳይሞላት።

እሺ፣ ወደ ራሴ ልመለስ። በጋሼ ነገር ካቃጠልኩ በኋላ ጨካኝ ሆንኩ። ኢሜይሌን ከፍቼ ያላወቅሁትን ሁሉ «ስፓም» እያልኩ አባርር ጀመር። ማን ነህ? ወደ ስፓም! ማስታወቂያ ነህ? ወደ ስፓም! ከእነዚህ መካከል ክፍት የሥራ ቦታ ሲኖር የሚያሳውቀኝ፣ እኔው ራሴ የተመዘገብኩበት አንድ ድርጅት ነበር። በየሳምንቱ ሲልክብኝ ሰልችቶኝ እሱንም ወረወርኩት።

በ2015 ዓ.ም. በጽሑፍ ቁጥር እየተከፈለኝ ለጋዜጣ መሞነጫጨር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ያ ድርጅት የሬዲዮ ድራማ ጸሐፊ ይፈልግ ነበርና የጽሑፍ ናሙናዬን በሰው እጅ ላክሁ። ጠበቅሁ። አንድ ሳምንት… ሁለት ሳምንት… «ዲግሪ ስለሌላት ነው» አልኩ ስለ ራሴ። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ሻይ ይዘን ይህንኑ ሳማርር «ስፓም ውስጥ አይተሻል?» አለችኝ። ከፈትኩት። ከመላጣ ቅባትና ከመበለቲቱ መካከል ተቀምጧል። «ናሙናሽን ወደነዋል፤ በአሥር ቀን ውስጥ መጥተሽ ተፈተኚ» ይላል። 23ኛው ቀን ነበር። ጂሜይል ስፓም ውስጥ የገባውን በ30 ቀን ራሱ ያጠፋዋል፤ አንድ ሳምንት ብዘገይ ጭራሽ መጥራታቸውንም ሳላውቅ እቀር ነበር። አንዳንዴ ባላውቀው ይሻል ነበር እላለሁ። ስደውል የመለሰችልኝ ሴት ድምጿ ጨዋ ነው፤ «እህቴ፣ ቦታው ተይዟል» አለችኝ። ወር በወር የሚገባ 12 ሺህ ብር! ማባረሪያዋን የተጫንኩት ደግሞ እኔው።

በአንድ በኩል ሌባውን አስገባሁ፣ በሌላ በኩል እንግዳውን አባረርኩ። እና ምን ተሻለ? እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ፤ የኮምፒዩተር ሊቅ አይደለሁም፣ ግን ሁለቴ ተቃጥያለሁ።

ከሁሉ በፊት አሮጌውን አድራሻ አልዘጋሁትም፤ ለወመኔ ተውኩት። ሱቅ፣ ውድድር፣ «ነፃ» የሚል ነገር፣ አፕሊኬሽን ሲጠይቀኝ እሱን ነው የምሰጠው። ለሥራ፣ ለባንክና ለዘመድ ሌላ አዲስ ከፈትኩ፤ እሱን መስታወት ላይ አልለጥፈውም። በአሮጌው ውስጥ ወደ 11 ሺህ የሚጠጋ ያልተነበበ መልዕክት ተከምሮ፣ ከስልኬ ፎቶ ጋር ተደምሮ የጂሜይል ነፃ ቦታ ሊሞላ ደርሶ ነበር። ያ 15 ጊጋ ሲሞላ አዲስ ደብዳቤ መቀበልም ያቆማል። አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ተቀምጬ መፈለጊያው ላይ «አንሰብስክራይብ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፍኩ። የማስታወቂያ ዘር በሙሉ ተሰልፎ መጣ። እያጨድኩ ጣልኩት። ከሰዓት በኋላ ድረስ ፈጀብኝ፤ ግን እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ፣ ለፋሲካ ቤት እንደማጽዳት ነው።

ስለዚህ «አንሰብስክራይብ» ስለሚሉት ነገር ግን ጥንቃቄ አለ። አውቄ የተመዘገብኩበት፣ ስሙን የማውቀው ድርጅት ከሆነ እሱን ተጭኜ በሰላም እንለያያለን። ከ2024 ወዲህ ጎግልና ያሁ በብዛት የሚልኩ ድርጅቶችን በአንድ ጠቅታ የሚያሰናብት ቁልፍ አስቀምጡ ብለው አስገድደዋቸዋል፤ ቀሏል። ማንነቱን የማላውቀው ከሆነ ግን ውስጡ ያለውን ምንም ነገር አልነካም። ብነካው «አለች፣ ታነባለች» ማለት ነው፤ አድራሻዬ ዋጋው ይጨምራል። ተናድጄ «ተወኝ!» ብዬ ብመልስም ያው ነው። (አንድ ጊዜ ለመበለቲቱ «ነፍስ ይማር» ብዬ መለስኩላት። በዚያው ሳምንት ሦስት ሌሎች መበለቶች ጻፉልኝ።) እንዲህ ያለውን ዝም ብሎ ማጥፋትም አይበቃም፤ «ሪፖርት ስፓም» የሚለውን መጫን ነው፣ ማጣሪያው የሚማረው ከእሱ ነውና። ታዲያ የሚያውቁትን ሰው በስህተት እንዳይጭኑ… እኔን አይታችሁ።

ስፓሙን ደግሞ በየዓርቡ ማታ እከፍተዋለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እውነተኛ ሰው ታስሮ ካገኘሁ «ስፓም አይደለም» ብዬ አስፈታዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አንዴ የከፈለ ሰው ስም ከአታላይ ወደ አታላይ ይሸጣል። የጋሼ ልጅ ያ ኢሜይል እስከ ዛሬ «የጠፋብሽን 880 ዶላር እናስመልስልሻለን፤ መጀመሪያ 150 ላኪ» የሚል ይመጣለታል። ጨካኞች ናቸው። ሕግ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ፣ ቁጥር 958፣ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የሽያጭ ማስታወቂያ በኢሜይል የበተነ በእስራትና በገንዘብ መቀጮ ይቀጣል ብሎ ደንግጓል፤ ላኪው ማንነቱንና አድራሻውን ገልጾ «አልፈልግም» የሚባልበትን መንገድ ካስቀመጠ ግን አይከሰስም። ጥሩ ነው። ግን ለንደን ነኝ ያለው ሰው ለንደን ይሁን ኡጋንዳ ማን ያውቃል? አዋጁን ይዤ የት ልሂድ?

ስለዚህ እኛ ግቢ የራሳችን ሥርዓት አለን። ማንም ሰው ስልኩ ላይ «ደረሰዎት» የሚል ነገር ካየ፣ በኢሜይልም ይሁን በአጭር መልዕክት፣ ሳይነካ እኔ ዘንድ ያመጣል። እኔም ብቻዬን አልወስንም፤ ለዚያ አራት ኪሎ ለነበረው ልጅ እልክለታለሁ። (ልጁ… ስሙ በ«መ» አይጀምርም፤ ይህን ለሌላ ሳምንት እናቆየው።) ባለፈው ወር እትዬ ራሷ ስልኳን ይዛ መጣች። ከስድስት ዓመት በኋላ መጀመሪያ ቀን ነው አንድ ነገር አንብቢልኝ ያለችኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ከባንኳ የመጣ ነው፤ እውነተኛ ነበር። ሦስት ጊዜ አነበብኩላት፣ ባንኩ ድረስም አብረን ሄድን። ስንመለስ ቡና ጋበዘችኝ።

እሁድ እሁድ ደግሞ ቡና የሚፈላው ጋሼ ቤት ነው። አሁን አርጅተዋል፣ ጆሯቸውም ደከም ብሏል። ሁለተኛው ስኒ ላይ ሲደርሱ ወደኔ ዞር ይሉና

«ልጄ፣ ያቺ ሴትዮ ጻፈች?» ይሉኛል።

«ጽፋለች ጋሼ።»

«አልሞተችም?»

«ሦስት ወር ነው የቀራት።»

«ስንት ነው ያለችው አሁን?»

«10 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር።»

ጋሼ ስኒያቸውን ያስቀምጡና በጣታቸው ያሰላሉ። «ባለፈው 12 አልነበረም እንዴ?»

«ነበረ። ቀንሳለች።»

«እሷም ኑሮ ተወዶባት ይሆናላ!» ይላሉ። እትዬ ከጀበናው ጀርባ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች።